የእሑድ ጠብ

ልጅቷ እናቷን ከደረጃ የጣለቻት በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ልብስ እያሰጣ እያየ ነው። የጠቡ መነሻ ስልክ ነበር። እናት ስልኩን ከእጇ ነጥቃ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ ልጅ ተከትላ ደረጃው ጫፍ ላይ ደረሰችባት፤ ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደጎተተ ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ብቻ እናት ታች ስትደርስ ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰብሮ ነበር።

እናት ልብስ ሰፊ ናት። ገበያ ዳር ባለች ጠባብ ሱቋ ውስጥ የሙሽራ ቀሚስም፣ የተማሪ ሱሪም፣ የሰው ሁሉ የተቀደደ ኪስም በእጇ ያልፋል። እጇ በጄሶ ታስሮ ወደ ቤት ስትመለስ ግን አንጀቷን ያሳረራት ስብራቱ አልነበረም። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት፤ ጄሶውን ከላይ እስከ ታች አየችና፣

"አሁን ይሄን ይዘሽ ለሰፈሩ ሁሉ ልታሳጪኝ ነው አይደል?" አለቻት።

ድንጋጤ የለ፣ ይቅርታ የለ።

ከዚያ በፊት ያልተሞከረ ነገር አልነበረም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ተባርራለች። ጠፍታ ትሰነብትና ዓይኗ ቀልቶ ትመጣለች። ቦርሳዋ ውስጥ ለሚገኘው ክኒን "የራስ ምታት ነው" የምትለው መልስ አላት፤ ራሷን ግን አሟት አያውቅም። አጎቷ መከራት፣ መምህሯ መከረቻት፤ ሁሉም በአንዱ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። ሕፃን ሳለች አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ፌንጣ ይሏት ነበር። አሁን በዚያ ስም ስትጠራ ደሟ ይፈላል፤ ቤተሰቡ ግን ሌላ መጠሪያ ከአፉ አልወጣ አለው።

ጄሶው ሳይፈታ እናት ፌንጣን ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ማዕከል አስገባቻት። አስቸጋሪ ልጆች እዚያው እያደሩ የሚማሩበት፣ ከሱስ የሚያገግሙበት፣ ከአማካሪ ጋር ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት ግቢ ነው። እስር ቤት አይደለም ይላሉ፤ መስኮቶቹ ግን ከአንድ ስንዝር በላይ አይከፈቱም። ፌንጣ በገባችበት ቀን አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ለፈታሿ አስረክባ ወደ እናቷ ዞረች።

"ተገላገልሽ፤ በይ አሁን ተንፈላሰሺ" አለቻትና ጀርባዋን ሰጥታት ሄደች።

አባቷ ወሬውን የሰማው ዘግይቶ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከእናት ጋር ከተለያዩ ቆይተዋል፤ ሌላ ሚስት አግብቶ ገና መዳህ የጀመረች ሴት ልጅ ወልዷል። ስልክ ደውሎ ጮኸ።

"ልጄን እብድ ቤት ከተትሻት?"

"እብድ ቤት አይደለም። ደግሞስ አንተ ጋ ልላካት ስልህ ቤቱ ጠበበኝ አላልክም?"

"ለጊዜው አልኩ እንጂ!"

"ጊዜው መቼ ነው የሚያልፈው? እሷ ጡረታ ስትወጣ?"

"አንቺ ስለማታውቂበት ነው። እኔ ጋ ብትሆን በሳምንት ቀጥ አደርጋት ነበር።"

"አውቶቡስ መሰለችህ? መሪ ስለጨበጥክ የምትዞርልህ?"

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋባት።

ማዕከሉ የሚጠየቀው እሑድ እሑድ ነው። የጠያቂዎች አዳራሽ ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ጠረጴዛዎቹ ማንም አንስቶ እንዳይወረውራቸው ከወለሉ ጋር በብሎን ታስረዋል፤ አየሩ የወለል ማጽጃ ይሸታል። በመጀመሪያው እሑድ ፌንጣ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። እናት ከፀጉሯ ጋር ስታወራ ቆይታ ሄደች። በሚቀጥለው ፌንጣ ፊቷን መለሰች፤ ያኔ እናት ግድግዳው ይሻለኝ ነበር ብላ ተመኘች።

"ምን ልታዪ መጣሽ? መሞቴን?"

"ደህና መሆንሽን።"

"ደህና ብሆን እዚህ እገባ ነበር?"

"እኔ ነኝ ክኒን ያስዋጥኩሽ?"

"አንቺ ምን ታደርጊ! አንቺ ከመርፌና ከክር ሌላ የምታውቂው አለ?"

"ያ መርፌና ክር ነው ያሳደገሽ።"

"ታዲያ አጣመሽ ሰፋሽኝ!"

ሌሎቹ ቤተሰቦች በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት፤ የነሱ ጠረጴዛ ላይ ግን ሁሌም አንድ ተቆጣጣሪ ዓይኑን ጥሎ ይቆማል። እናትም ብትሆን ቅድስት አይደለችም። አፏን ይዛ ትገባለች፤ ልጅቷ አንዴ ስትቆሰቁሳት "የአባትሽ ቢጤ!" ብላ ትፈነዳለች። ከዚያ በኋላ እሳቱን የሚያጠፋ አይገኝም።

ጄሶው ሲፈታ እናት ባልጠና እጇ ቱታ ሰፍታ ወሰደችላት። ፈታሿ ከወገቡ ላይ ገመዱን መዝዛ አውጥታ አስቀረችው፤ ደንቡ ነው፤ ገመድ ወደ ውስጥ አይገባም። ፌንጣ ቱታውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው።

"ገመዱን እንኳ ነቀሉልኝ። አንቺን ማን ይነቅልልኛል?"

"እኔን እንደ ጠረጴዛው በብሎን ነው ያሰሩኝ" አለች እናት።

ተቆጣጣሪው ሳቁን በሳል ሸፈነ። የፌንጣም ከንፈር ሊከዳት ደረሰ፤ ግን ቶሎ ብላ ፊቷን አጠቆረችና ቱታውን እዚያው ጥላው ገባች።

አማካሪዋ ድምፅዋ ለስለስ ያለ፣ ሰው ሲጮህባት እንኳ ብዕሯን የማታስቀምጥ ወጣት ሴት ናት። አንድ ቀን እናትን ለብቻዋ ጠርታ አስቀመጠቻት።

"እናት፣ ልጅዎን ሲያናግሯት የሚሰማዎትን ይንገሯት እንጂ አይክሰሷት።"

"የሚሰማኝ ክስ ቢሆንስ?"

"ከክሱ በታች ሌላ ስሜት አለ። እሱን ይፈልጉት።"

እናት ወደ ቤቷ ስትመለስ ከክሱ በታች ያለውን ለመፈለግ አልሞከረችም። ምን እንዳለ ታውቀዋለች፤ አፍ አውጥቶ የሚነገር ስላልመሰላት ነው።

ወራት እያለፉ ሲሄዱ ፌንጣ ከክኒኑ ተላቀቀች፤ ትምህርቷንም ጀመረች፤ ከእናቷ በስተቀር ከሰው ጋር መጣላት አቆመች። ስለዚህ ማዕከሉ አንድ ቀን ከቤተሰብ ጋር ውላ እንድትመለስ ፈቀደላት። ከማን ጋር መዋል እንደምትፈልግ ስትጠየቅ ዓይኗን ሳታሽ "ከአባቴ ጋር" አለች። እናት ይህን ስትሰማ ምራቋ መረራት። እሑድ እሑድ ስድብ ስትጠጣ የከረመችው እሷ፤ አንዴም ብቅ ያላለው ሰውዬ ተመረጠ።

አባት ጠዋት ጫማውን አስጠርጎ፣ ሽቶ ነፍቶ መጥቶ ወሰዳት። ከሰዓት በኋላ ሊመልሳት ተስማምቶ ነበር።

እናት ሱቋ ውስጥ ለአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እየለካች፣ ስፒሎች በጥርሷ ነክሳ ሳለ ነው አማካሪዋ የደወለችው።

"አባቷ አሁን ደውለው ልጄን አልመልስም አሉ። ከፈለጋችሁ ፖሊስ ላኩ ነው ያሉት። እኔ ወደ ፖሊስ ሳልሄድ እርስዎ ቢያናግሯቸው ብዬ ነው።"

እናት ስፒሎቹን ተፍታ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወጣች። ሙሽሪት እንደ ጃርት በስፒል ተወርራ፣ እጇን መዘርጋት እየፈራች ሱቁ መሐል ቀረች።

የአባት ቤት ያለበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ስትደርስ ጩኸቱ ወደ ታች ወረደላት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጥ አባት የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ የመታጠቢያ ቤቱን በር ይደበድባል፤ ሚስቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ትነጫለች።

"ምን ሆናችሁ?"

"ልጄን!" አለች ሚስትየው። "ልጄን ይዛብኝ ገባች! ቆለፈችባት! ውሃ ከፍታለች፣ የልጄ ድምፅ የለም!"

እናት ግድግዳውን ተደገፈች። ከበሩ ኋላ የቧንቧ ውሃ ብቻ ይሰማል። ተሰብሮ የነበረ እጇን ያለ ሐሳብ በሌላው ጨበጠችው።

"ዞር በሉ፣ በሩን ልሰብረው ነው" አለ አባት።

"ሕፃኗ ከበሩ ኋላ ብትሆንስ? አስቀምጠው ብረቱን!"

"አንቺ እዚህ ምን አገባሽ?"

"አስቀምጠው አልኩህ!"

ያችን ሴት እንዲህ ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም፤ ብረቱን አስቀመጠው። እናት ወደ በሩ ተጠጋች።

"ፌንጣ።"

"በዚያ ስም አትጥሪኝ!" የሚል ድምፅ መጣ። "ደግሞ አንቺን ማን ጠራሽ? አንቺ ብቻ ነበር የቀረሽው?"

"ሕፃኗን አውጫትና ከኔ ጋር ተጣዪ። መጣላት ካማረሽ እኔ አለሁልሽ።"

"ካንቺ ጋር መጣላት ሰለቸኝ።"

"እኔስ አልሰለቸኝም መሰለሽ? ወገቤን እስኪቆርጠኝ ነው የሰለቸኝ!"

ውሃው ተዘጋ። ሚስትየው ልትጮህ አፏን ስትከፍት እናት በእጇ አፈነቻት።

"እማዬ።"

በዚህ ቃል ከተጠራች ቆይታለች።

"እ?"

"ትፈሪኛለሽ?"

እናት አማካሪዋን አላስታወሰችም። ለስላሳውን ቃል መፈለግም አልቻለችም። ያላት አንድ መልስ ነበር፤ እሱንም ለወራት ሙሉ ስትውጠው ከርማለች።

"አዎ። እፈራሻለሁ። እቤት ሳለሽ ክፍሌን ቆልፌ ነው የምተኛው። መቀሶቼን ሁሉ ሱቅ የወሰድኳቸው አንቺን ፈርቼ ነው።"

"ምን ዓይነት እናት ነሽ?" አለ አባት። "ለልጅ እንዲህ ይባላል?"

"ስማት እንጂ!" አለች ሚስቱ እያለቀሰች። "እናቷ ራሷ መሰከረች! አንተ ግን ቤቴ ድረስ አመጣህብኝ!"

እናት ግንባሯን በሩ ላይ አሳርፋ ጠበቀች። የተናገረችውን መልሳ መሰብሰብ ብትችል ትሰበስበው ነበር፤ ግን ውሸት አልነበረም፤ ስለዚህ የምትለውጠው ነገር አጣች።

መሸጎጪያው ተንሸራተተ።

ፌንጣ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ ቆማለች። ሕፃኗ በፎጣ ተጠቅልላ ትከሻዋ ላይ ናት። ፀጉሯ ላይ የሳሙና አረፋ እንደ ቆብ ተከምሯል፤ የፌንጣን ጆሮ ይዛ ትጎትታለች፤ ሁሉንም ስታይ ሳቀች።

"ፊቷ ላይ ሙዝ ለድፋ ነበር። አጠብኳት" አለች ፌንጣ።

እንጀራ እናቷ ሕፃኗን መንትፋ ፎጣውን ገፈፈች፤ አገላበጠቻት፣ ክንዷን አየች፣ አንገቷን አየች። ጭረት እንኳ የለም። ሕፃኗ ግን አሁን ብርድ መታትና ማልቀስ ጀመረች።

የሆነው ነገር ቀስ በቀስ ወጣ። ሕፃኗ እየዳኸች መጥታ ፌንጣ እግር ሥር ስትደርስ ፌንጣ አቀፈቻት። እንጀራ እናት ከማድ ቤት ብቅ ስትል አይታ ነጠቀቻት። "እናትሽን በሰበርሽበት እጅ ልጄን እንዳትነኪ!" አለቻት። አባት እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ትንፍሽ አላለም። ሴትየዋ ሕፃኗን አስቀምጣ ወደ ማድ ቤት ስትመለስ ፌንጣ አነሳቻትና መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች።

"ለምን መልስ አልሰጠሽም? ስንጮህ አትሰሚም?" አለ አባት።

"እሰማለሁ። ዝም ያልኩት ሆን ብዬ ነው። እንድትፈሩ።"

"አየህ? አየህ ክፋቷን?" አለች ሚስቱ።

እናት ወደ አባት ዞረች። "ሚስትህ ያንን ስትላት የት ነበርክ?"

"እዚሁ ነበርኩ።"

"እና?"

"ምን ልበል? መሐል ቤት እኔ ነኝ የምጎዳው!"

"በሳምንት ቀጥ አደርጋታለሁ ያልከው አንተ አይደለህም? ገና ምሳ ሳይበላ ቤትህን በብረት ልታፈርስ ደረስክ!"

አባት ፊቱ ቀላ። ሚስቱ ከአንድ ወገን፣ ሕፃኗ ከሌላው ወገን ታለቅሳለች፤ የቀድሞ ሚስቱ መሐል ቆማ ጣቷን ትቀስርበታለች። ጣራው በአንዴ የተደፋበት መሰለው።

"ውጡልኝ!" አለ። "ሁለታችሁም ከቤቴ ውጡልኝ!"

ፌንጣ ያንን ስትሰማ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። አባት የተናገረው የገባው ያኔ ነው።

"አንቺን አይደለም ፌንጣዬ... እሷን ማለቴ ነው።"

"ሁለታችሁም አልክ አባዬ። ሰማሁ እኮ።"

ታክሲ ውስጥ እናትና ልጅ በየመስኮታቸው ወደ ውጭ እያዩ ተቀመጡ። መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ፌንጣ ፊቷን ሳትመልስ ተናገረች።

"ቤት እንዳትወስጂኝ።"

"አልወስድሽም። ወደ ማዕከሉ ነው የምንሄደው።"

"እንዳትወስጂኝ ስልሽ ደስ አለሽ፣ አይደል?"

"ቀለል አለኝ።"

"ክፉ ነሽ።"

"ካንቺ ነው የተማርኩት።"

"እኔ ነኝ ካንቺ የተማርኩት!"

ሹፌሩ በመስታወቱ አየት አደረጋቸውና የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገ። ከዚያ ወዲህ እስከ ግቢው በር ድረስ የስፖርት ዜና ሰሙ።

አማካሪዋ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። ፌንጣ በዓይኗ እናቷን ፈለገች፤ ስታገኛት ደግሞ ተቆጣች።

"እሑድ እንዳትመጪ።"

"እመጣለሁ።"

"አልወጣም።"

"አትውጪ። ተቀምጬ እሄዳለሁ።"

ማዕከሉ በዚያ ምክንያት የፌንጣን የውጭ ፈቃድ ሰረዘ፤ አባትም ለጊዜው እንዳይጠይቃት ታገደ። አባት ይህንንም በእናት አሳበበ። ደውሎ "ልጄን ከኔ ለይተሽ እንድትጠላኝ አደረግሽ" አላት፤ እሷም ያለ የሌለ ስድቧን አወረደችበት፤ እንደ ድሮው ሳይሰነባበቱ ስልኩን ተዘጋጉ።

እሑድ ሆነ። ፌንጣ እንዳለችው አልወጣችም። እናት ባዶ ወንበር ፊት ለፊት የጠያቂው ሰዓት እስኪያልቅ ተቀመጠች። ሰው ያያታል፤ እያዩዋት እንደሆነ ታውቃለች። መጀመሪያ አፈረች፣ ቀጥሎ ተናደደች። "ለዚች ባለጌ ብዬ ነው ሥራዬን ትቼ የምመጣው?" ብላ ለራሷ አጉረመረመች፤ ሆኖም ከወንበሯ አልተነሳችም። ስትወጣ ለማንም ቻው አላለችም።

በሚቀጥለው እሑድ አርፍዳ ደረሰች። ፌንጣ ቀድማ ተቀምጣ ነበር፤ ክንዶቿን ጠረጴዛው ላይ አጣምራ፣ ለክርክር እንደተዘጋጀ ጠበቃ።

"ሁሉም ልገድላት ነው ብለው አሰቡ" አለች፣ ሰላምታም ሳትሰጥ።

"አዎ።"

"አንቺም።"

እናት ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። "እኔም።"

"እያጠብኳት ነበር እኮ! ፀጉሯን ነበር የማጥብላት!"

"በሩ ተዘግቶ በምን ልወቅ? ደግሞ እንድትፈሩ ነው ዝም ያልኩት አላልሽም? እና ፈራሁ። የፈለግሽውን አገኘሽ።"

ፌንጣ ጥፍሯን በጥርሷ ቆረጠመች። "ድሮ ስትፈሪኝ ደስ ይለኝ ነበር" አለች። "በሩን ስትቆልፊ እሰማ ነበር። ቁልፉ ሁለቴ ሲዞር እሰማና... ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን አፍ አውጥተሽ ስትናገሪው ግን ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ እንጃ።"

እናት እዚህ ላይ አንድ ትክክለኛ ቃል እንዳለ ተሰማት፤ አማካሪዋ ብትኖር የምታውቀው ቃል። ከአፏ የወጣው ግን፣

"ታዲያ ይቅርታ በይኛ!" ነበር።

"አልልሽም!" ፌንጣ ብድግ አለች። "አየሽ? አየሽ እንዴት እንደምታበላሺው? ትንሽ ልናገር ስል አናቴ ላይ ትወጪያለሽ!"

"እጄ እኮ ነው የተሰበረው! የኔ እጅ!"

"ስልኬን ባትነጥቂኝ አይሰበርም ነበር!"

"ማን ገፈተረኝ ታዲያ? ንፋስ?"

"አልገፈተርኩሽም! ጎተትሽኝ፣ እኔም ጎተትኩ!"

ተቆጣጣሪው መጥቶ "ቀስ በሉ" አላቸው። ቀስ አላሉም። ስለ ደረጃው፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ አባት፣ ከዓመታት በፊት ስለተረሳ የልደት ቀን፣ ፌንጣ ስለተባረረችበት ትምህርት ቤት ተጨቃጨቁ። ደወሉ ሲደወል የሁለቱም ድምፅ ተዘግቶ ነበር። ፌንጣ ልትገባ ዞረችና መለስ አለች።

"በሚቀጥለው በሰዓቱ ነይ። ዛሬ እኩሌታውን በላሽው።"

ፌንጣ ከማዕከሉ የወጣችው በዓመቱ ነው። እናቷ ቤት አልገባችም። ይህን እናት አልፈለገችም፤ ልጅም አልፈለገችም፤ ከብዙ ጠብ በኋላ ያለ ጠብ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነበር። አክስቷ ጋ፣ የከተማው ሌላ ጫፍ ገባች። አባቷ አንዳንድ ጊዜ ይደውልላታል፤ ሲያሻት ታነሳለች፣ ሳያሻት ትተወዋለች። ይቅርታ የሚለው ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ክኒን ግን ወደ አፏ አልተመለሰም፤ እናት በየጊዜው ቦርሳዋን በዓይኗ ብትመዝንም።

እሑድ እሑድ ፌንጣ ሱቁ ትመጣለች። እናት ስትቆርጥ እሷ ትተኩሳለች፤ የተኮስሽው ተጨማዷል፣ የቆረጥሽው ጠሟል እየተባባሉ ይነታረካሉ። አንድ ቀን ኮት ልታስጠብብ የመጣች ደንበኛ ተራዋን እየጠበቀች ስታዳምጣቸው ቆይታ፣

"ሁልጊዜ እንዲህ ናችሁ? እናትና ልጅ አይደላችሁም እንዴ?" አለቻቸው።

ሁለቱ ቀና ብለው አዩዋት።

"አንቺን ምን አገባሽ!" አሏት፣ እኩል።

ደንበኛዋ ኮቷን ብብቷ ሥር ከትታ ወጣች፤ ሁለተኛም አልተመለሰች። እናት ይህን በፌንጣ አሳበበች፤ ፌንጣ በእናቷ።